«አባቴ መጠጥ ካቆመ በኋላ ውሸታም ሆነብን»

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ ሁለተኛውን እስክሪብቶ ይዤ እያሰመርኩ ነው፣ ምክንያቱም ዋናው ጥያቄሽ «አባዬ ለምንድነው የሚዋሸን» የሚል ሆኖ ሳለ እግረ መንገድሽን ጣል ያደረግሻቸው ሦስት አራት ነገሮች አሉ፣ እኔን ያስደነገጡኝ እነሱ ናቸው።

ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ታሪኩን ላሳጥረው። አባትየው 56 ዓመታቸው ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ በየቀኑ ጠንካራ መጠጥ ሲጠጡ ኖረዋል፣ ከመጠጡ ጋር ምግብ ብዙም አይበሉም ነበር። ከ7 ሳምንት በፊት ልጆቹ ተመካከሩና «ከዛሬ ጀምሮ በቃ» ብለው በር ቆለፉባቸው። የመጨረሻዋን የጠጡት ሐሙስ ማታ ነው። አርብ ጠዋት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ላብ ያጠምቃቸው ጀመር፣ አርብ ሌሊት ወድቀው ተንዘፈዘፉ፣ ጭንቅላታቸውንም መቱ፣ እሁድ ደግሞ ግድግዳው ላይ ነፍሳት አሉ፣ አልጋዬን ጉንዳን ወረረው እያሉ ልጆቻቸውን መለየት አቃታቸው። ያኔ ሆስፒታል ገቡ፣ ግሉኮስ ተሰቀለላቸው፣ መድሃኒት ተሰጣቸው፣ በሳምንቱ ወጡ። ከዛ ወዲህ ጠብታ አልቀመሱም። ግን አንዱን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ አስሬ ይጠይቃሉ፣ ጡረታ ከወጡ ቆይተው «ዛሬ ቢሮ ውዬ መጣሁ» ይላሉ፣ ከሞተ 3 ዓመት ከሆነው ጓደኛቸው ጋር ትላንት ምሳ በላን ብለው የተጨዋወቱትን ሳይቀር ያወራሉ። ሲራመዱ እግራቸውን አራርቀው ነው፣ ወደ ጎን ሲያዩ አይናቸው ይርገበገባል። ወንድሟ «ድሮ ለመጠጥ ነበር የሚዋሸው፣ አሁን ምን ሊያተርፍ ነው» ብሎ ፊታቸው ላይ ውሸታም ብሏቸዋል፣ ከዛ ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። እሷም ሰው የሰጣት ኪኒን አለ፣ ተመልሰው እንዳይጠጡ ምግብ ውስጥ ደብቄ ልስጣቸው ወይ ትለኛለች።

እሺ። ከሁሉ በፊት ሌላውን ሳታነቢ ይሄን ስሚኝ፣ ነገውኑ ሐኪም ጋር ውሰጃቸው፣ ቀጠሮ ጠብቂ ካሉሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ኪኒኗን ደግሞ አትንኪያት፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ስለ «ውሸቱ»። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ለዓመታት የሳይካትሪ ነርስ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ አንቺ የነገርሽኝን ዓይነት ሰው ደግሞ አንድ ሁለት አይደለም ያየሁት። ውሸታም ሰው እውነቱን ያውቀዋል፣ አውቆ ነው የሚደብቀው። አባትሽ ግን እውነቱ የላቸውም። አንጎላቸው የዛሬውን ቀን አልመዘገበውም፣ ስለዚህ «የት ዋልክ?» ብላችሁ ስትጠይቋቸው መልሱን የሚፈልጉበት ቦታ ባዶ ነው፣ አንጎል ደግሞ ባዶ ቦታ አይወድም፣ ከድሮው ያገኘውን ያነሳና ይሞላዋል። ድሮ በየቀኑ ቢሮ ይውሉ ነበር አይደል? በቃ ቢሮ ዋልኩ። ከጓደኛቸው ጋር ምሳ ይበሉ ነበር? በቃ ትላንት በላን። ሲናገሩት ከልባቸው አምነውበት ነው። ይሄ ነገር በህክምናው ኮንፋቡሌሽን ይባላል፣ አብሮት የሚሄደው በሽታ ደግሞ ኮርሳኮፍ ሲንድሮም ነው፣ ሰርጌይ ኮርሳኮፍ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ የጻፈበት። አባትሽ ይሄ በሽታ አለባቸው ብዬ በደብዳቤ ምርመራ አላደርግም፣ ግን የመርሳቱ፣ የአረማመዱና የአይናቸው ነገር አንድ ላይ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

ሰው ሁሉ «አልኮል አንጎልን ያቃጥላል» ይላል፣ አልኮል ራሱ አንጎልን መጉዳቱም እውነት ነው፣ እዚህ ጋር ግን ዋናው ተጠያቂ የአንድ ቫይታሚን እጥረት ነው። ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1። የአንጎል ሴል ስኳርን ወደ ጉልበት የሚቀይረው በታያሚን እርዳታ ነው፣ ሰውነት ደግሞ የሚያጠራቅመው ለሁለት ሦስት ሳምንት የሚበቃ ያህል ብቻ ነው። ለዓመታት የሚጠጣ ሰው በደንብ አይበላም፣ የበላውንም አልኮሉ አንጀቱ እንዳይመጥ ያግደዋል፣ ጉበቱም እንደ ጤነኛ ጉበት አያስቀምጥም፣ በሦስቱም በኩል ይጎድልበታል። ሲጎድል መጀመሪያ የሚመጣው ድንገተኛው ነው፣ ካርል ቬርኒከ የሚባል ጀርመናዊ በ1881 የገለጸው፣ ግራ መጋባት፣ የአይን እንቅስቃሴ መዛባት፣ መንገዳገድ። ሦስቱ ምልክቶች ባንዴ የሚታዩት ደግሞ በጥቂት በሽተኛ ላይ ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ «ሰክሮ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በጊዜ ታያሚን በደም ስር ከተሰጠ አይኑ በሰዓታት በቀናት ሊስተካከል ይችላል። ከታለፈ ግን የማስታወስ ችሎታውን ይዞት ይሄዳል፣ የሚተርፈው ኮርሳኮፍ ነው።

ለዚህ ነው «ግሉኮስ ተሰቀለለት» ያልሽው ላይ እስክሪብቶዬ የቆመው። ታያሚን ላለቀበት አንጎል ስኳር ብቻ መስጠት ያለችዋን ጭላጭ ያሟጥጣታል፣ በዚህ ምክንያት ነው ታያሚኑ ከግሉኮሱ በፊት ወይ አብሮት መሰጠት አለበት የሚባለው። እዛ ሰጥተው ይሁን አይሁን ከዚህ ሆኜ ስለማላይ ማንንም አልከስም፣ የሰጧችሁን የመውጫ ወረቀት ፈልጊና ቢ1 ወይ ታያሚን የሚል ካለ እዪ፣ ባይኖርም ለመጣላት ሳይሆን ለነገው ሐኪም ለማሳየት ያዢው። ሐኪሙን በግልጽ ጠይቂ፣ «ታያሚን በመርፌ ያስፈልገዋል ወይ?» ብለሽ፣ በአፍ የሚዋጠው ጠጪ ሰው ላይ በደንብ አይመጠጥማ። 7 ሳምንት አለፈ ምን ዋጋ አለው እንዳትዪ፣ አይናቸው አሁንም የሚርገበገብ ከሆነ ያልበረደ ነገር ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛው ነገር መውደቃቸው ነው። የሚጠጣ ሰው አንጎል እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ከራስ ቅሉ ጋር ክፍተት ይፈጠራል፣ በዛ ላይ ጉበት ሲደክም ደም ቶሎ አይረጋም፣ ስለዚህ ቀላል የምትመስል አወዳደቅ ውስጥ ውስጡን ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ልታመጣ ትችላለች፣ ሳምንታት ቆይቶ ልክ እንደ መርሳት በሽታ ሆኖ ይመጣል። ይሄ በቀዶ ህክምና የሚድን ነገር ነው፣ ለዛ ነው የጭንቅላት ሲቲ ስካን ይነሳ ወይ ብለሽ መጠየቅ ያለብሽ። ጉበታቸውንም ይዩላቸው፣ ጉበት ሲደክም መርዙ አንጎል ጋ ሄዶ ሰውን ያደናግራል፣ እሱም መድሃኒት አለው። ሁሉንም ለመጠጥ ሰጥተን ሊታከም የሚችለውን እንዳናሳልፈው ነው እንጂ ላስፈራራሽ አይደለም።

«በ56 ዓመት ሰው እንዴት ይጃጃል?» ብለሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳይ ውስጥ የወጣ ትልቅ ጥናት ነበር፣ 65 ሳይሞላቸው የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ወደ 57 ሺህ ሰዎች መዝገብ አይተው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወይ መጠጥ ያመጣው የአንጎል ጉዳት አለያም ሌላ ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ችግር ያለባቸው ሆነው ተገኙ። እና የአባትሽ እድሜ ብርቅ አይደለም።

ጥፋተኛ ነን ያልሽው... እህቴ በር ስትቆልፉ ፍቅር እንጂ ሌላ ነገር እንዳልነበራችሁ አውቃለሁ፣ ግን የሆነውን ማወቅ አለባችሁ፣ አንድ ቀን ተመልሰው ቢጠጡ (ሊሆን ይችላል) ሁለተኛ እንዳትደግሙት። አልኮል አንጎል ላይ ፍሬን ይረግጣል፣ ጋባ የሚባለውን የሚያረጋጋውን ኬሚካል ያግዘዋል፣ ግሉታሜት የሚባለውን የሚያነቃውን ያፍነዋል። አንጎል ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ በየቀኑ ፍሬን ሲረገጥበት ለማካካስ ነዳጁን እየጨመረ ይለምዳል። ከዛ አንድ ሐሙስ ማታ ፍሬኑን ድንገት ስታነሱበት ምን ይሆናል? ነዳጁ እንደተረገጠ ነው። መንቀጥቀጡና ላቡ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይመጣል፣ መንዘፍዘፉ ብዙ ጊዜ በ6 እና በ48 ሰዓት መሃል፣ ሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ ያ ነፍሳት ማየቱ፣ ሰው አለመለየቱ፣ ትኩሳቱ፣ ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል፣ ስሙን በ1813 ያወጣለት ቶማስ ሳተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የአባትሽ አርብ እና እሁድ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቆ ነው የመጣው። ይሄ ሰው ይገድላል። ህክምና ባልነበረበት ዘመን ከያዘው ሦስት ሰው አንዱ ድረስ ይሞት ነበር፣ ዛሬ በጊዜ ከታከመ ከመቶ አምስት እንኳን አይሞላም። ሆስፒታል መውሰዳችሁ ሕይወታቸውን አትርፎ ሊሆን ይችላል፣ በሩን መቆለፋችሁን ስታስቢ እሱንም አስቢው።

ሌላ የማይነገር ነገር፣ አንጎል ቂም ይይዛል። አንዴ እንዲህ ሆኖ ያለፈ ሰው ደግሞ ጀምሮ ደግሞ ባንዴ ቢያቆም የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ይብሳል። ስለዚህ ተመልሰው ቢጠጡ ሐኪም ባለበት፣ እንደ ዳያዜፓም ባለ መድሃኒት እየተደገፉ ቀስ ብለው ነው መውጣት ያለባቸው፣ ቤት ውስጥ በቁልፍና በቁጣ አይሆንም።

ኪኒኗ። ስሟን ጽፈሽልኛል፣ ዳይሰልፊራም ነች። ጉበት አልኮልን ሲፈጭ መሃል ላይ አሴታልዲሃይድ የሚባል መርዝ ይሰራል፣ ጤነኛ ሰው ላይ ወዲያው ይጠረጋል፣ ይቺ ኪኒን ያንን መጥረጊያ ነው የምትዘጋው፣ ስለዚህ የዋጠ ሰው ከጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ያስመልሰዋል፣ ደም ግፊቱ ሊያሽቆለቁል ይችላል፣ የሞተም አለ። የምትሰራው ሰውየው አውቆ፣ ፈቅዶ፣ ፈርቷት ሲወስዳት ብቻ ነው! ያላወቀ ሰው ምኑን ይፈራል? ልክ እንደ ድሮው ይጠጣና መሬት ላይ ይዘረራል። ካቆማትም በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ሰውነት ውስጥ ልትቆይ ትችላለች። በዛ ላይ ራሷ ኪኒኗ ሰውን ልታደናግር፣ ነርቭ ልትጎዳ፣ ጉበት ላይ ልትነሳ ትችላለች፣ ማለትም አባትሽ የታመሙበትን ሁሉ ነው የምትነካው። የሰጠሽ ሰው ደግ አስቦ ይሆናል ግን መልሺለት። ናልትሬክሰን፣ አካምፕሮሴት የሚባሉ የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ ሌሎች መድሃኒቶችም አሉ፣ እነሱንም ቢሆን ሐኪሙ ጉበታቸውንና ኩላሊታቸውን አይቶ፣ አባትሽ እያወቁ።

«ማታ ማታ ያለቅሳል፣ ብኖር ባልኖር ምን ልዩነት አለው ይላል» ያልሽውን በአንድ መስመር ነው ያለፍሽው። እኔ አላልፈውም። መጠጥ ራሱ ድብርት ያመጣል፣ ያ ዓይነቱ ድብርት ግን አብዛኛውን ጊዜ ካቆሙ በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። አባትሽ 7 ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ስለዚህ ለብቻው መታየት ያለበት ነገር ነው። ዛሬ ማታ አጠገባቸው ተቀመጪና «አባዬ ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያቸው፣ መጠየቅ ሀሳቡን አያስይዝም፣ ብዙ ሰው እንደውም ሲጠየቅ ይቀለዋል። አዎ ካሉሽ ብቻቸውን እንዳትተዪያቸው፣ መድሃኒት ምናምኑን አርቂ፣ ነገን ሳትጠብቂ ሂዱ።

አሁን ወደ ወንድምሽና ወደ «ውሸታም» ልመለስ። ኤድዋርድ ክላፓሬድ የሚባል የስዊዘርላንድ ሐኪም በ1911 የጻፈው ታሪክ አለ። ኮርሳኮፍ ያለባት የ47 ዓመት ሴት ታካሚ ነበረችው፣ በየቀኑ የምታየውን ዶክተር በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የምትተዋወቀው። አንድ ቀን ጣቱ መሃል መርፌ ደብቆ ጨበጣትና ወጋት። (ዛሬ ቢያደርገው ፈቃዱን ይቀሙታል፣ እኔም እቀማው ነበር።) ወዲያው ረሳችው። በኋላ ግን እጁን ሲዘረጋላት እጇን ሰበሰበች። ለምን ሲላት አታውቀውም፣ አንዳንዴ ሰዎች እጃቸው ውስጥ መርፌ ይደብቃሉ ነገር አለችው። ተመልከቺ፣ ድርጊቱ ጠፍቷል፣ ፍርሃቱ ግን ቀርቷል።

እና ወንድምሽ ፊታቸው ላይ ውሸታም ሲላቸው አባትሽ ቃሉን በግማሽ ሰዓት ይረሱታል፣ ስድቡ ያመጣባቸው ስሜት ግን አብሯቸው ይቀራል፣ ልጃቸው ሲገባ ለምን እንደሚጨንቃቸው ሳያውቁ ይጨንቃቸዋል። ደግነቱ በዚያኛውም በኩል ይሰራል። በየቀኑ አብሯቸው ሻይ ቢጠጣ፣ ሻዩን አያስታውሱትም፣ ልጁ ሲመጣ ግን ደስ ይላቸዋል። እኛ ክፍል አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ ስሜን ሁለት ዓመት ሙሉ አልያዙትም፣ ካርታ ግን ሁላችንንም ያሸንፉ ነበር፣ እኔ ተረኛ የሆንኩ ቀን ደግሞ ካርታውን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ። የድሮው ትዝታና እጅ የለመደው ነገር ብዙ ጊዜ ይተርፋል፣ አዲሱ ነው የማይገባው።

ስለዚህ ፈተና አትፈትኗቸው። «ትላንት ምን በላህ? የት ዋልክ?» አይባልም፣ ጥያቄው ነው ኮንፋቡሌሽኑን የሚጎትተው፣ ካልጠየቅሽ ግማሹ «ውሸት» አይወለድም። ከሟቹ ጓደኛዬ ጋር ምሳ በላሁ ካሉ ሞቷል ብለሽ በየቀኑ አታርጂያቸው፣ አዎ በላህ ብለሽም አትዋሺ፣ «ስለሱ እስቲ አጫውተኝ፣ እንዴት ነበር የተዋወቃችሁት?» በያቸው፣ ይሄኛው እውነት ነው፣ እሱን ያስታውሱታል። ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰዓትና የቀን መቁጠሪያ ስቀሉ፣ ደብተር ስጧቸው፣ ዕቃ ቦታውን አይቀይር፣ ምድጃ ብቻቸውን አያብሩ፣ መኪና ጭራሽ። መድሃኒታቸውን አንቺ ያዢው፣ መዋጣቸውን ስለሚረሱ ደግመው ይውጡታል። መጠጥ ማቆማቸውን ራሱ ሊረሱት ይችላሉ፣ ቤት ውስጥ ጠርሙስ አይኑር፣ የእንግዳም ቢሆን።

ይሻላቸዋል ወይ? ኮርሳኮፍ ከሆነ በግርድፉ ከአራት ሰው አንዱ በደንብ ያገግማል፣ አንዱ ምንም ለውጥ አያሳይም፣ ሁለቱ መሃል ላይ ናቸው። የሚወስነው አለመጠጣቱ፣ ምግቡና ታያሚኑ ነው፣ ለውጡም በወራት ነው የሚታየው፣ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ሊሄድ ይችላል። 7 ሳምንት ገና መጀመሪያው ነው። አረማመዳቸው ደግሞ ከአንጎል በስተኋላ ያለው ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ተነክቶ ወይም የእግራቸው ነርቭ ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ እግሬን ያቃጥለኛል ይደነዝዘኛል ካሉ ለሐኪሙ ንገሪ፣ እስከዛ መታጠቢያ ቤቱ የሚያንሸራትት እንዳይሆን።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እየሳቅሽ የጻፍሽው ነገር አለ፣ ወንድምሽ ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጥቶ ሲያድር እሁድ ጠዋት «ማታ ምን አደረግኩ?» እያለ ጓደኞቹን ይጠይቃል፣ እነሱም የውሸት ነግረውት ያምናቸዋል። ይሄ ብላክአውት ነው። ራሱን ስቶ አይደለም፣ ያወራል፣ ይጨፍራል፣ ምናልባትም ይነዳል፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ግን በዛ ሰዓት መቅዳት አቁሟል፣ በተለይ ባዶ ሆድ ቶሎ ቶሎ ሲጠጣ። ያልተቀዳ ነገር ደግሞ በኋላ ፈልገሽ አታገኚውም። እሁድ ጠዋት ጓደኞቹ የሚሞሉለት ባዶ ቦታ አለ፣ አባትሽ ደግሞ የሚሞላላቸው ስለሌለ ራሳቸው ይሞሉታል። በሽታው አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ከአባቱ ጋር ለማስታረቅ ስትቀመጪ ከዚህ ጀምሪለት፣ እሁድ ጠዋት ውሸታም ብሎት የሚያውቅ ሰው እንዳለ ጠይቂው።